ያማረኝ ማሽላው አልነበረም

ሰው ሲርበው ከምግብ ሌላ ምንም አይመኝም የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስካሁን ንዴቴ ይመጣል። እንዲህ የሚለው ብዙውን ጊዜ ጠግቦ ያደገ ነው። እርግጥ በአውራ ጎዳናው ዳር የወደቁት፣ ከመጠለያው ድንኳን ፊት ተኮራምተው ተራ የሚጠብቁት ምን ይመኙ እንደነበር አላውቅም፤ ስለነሱ አፌን ሞልቼ አልናገርም። እኛ ግን ከነሱ በአንድ ጭብጥ ንፍሮ የምንሻል ሰዎች ነበርን። በቀን አንዴ እንቀምሳለን። በቀን አንዴ የቀመሰ ሰው የቀረውን ሰዓት ሲመኝ ነው የሚውለው፤ የሚመኘው ሁሉ ደግሞ የሚበላ አይደለም።

የምናገረው ስለ ስልሳ ስድስቱ ድርቅ ነው። ባሌ፣ ቆቦ ከተማ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ከቤታችን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር። እኔን ከደጋው፣ ከላስታ በኩል ሲያመጣኝ ሃያን ተሻግሬ ነበር፤ በአገሬ ወግ ቆማ ቀረች ልባል ጥቂት ሲቀረኝ ማለት ነው። እሱ ከሰላሳ ያለፈ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንቱ እለዋለሁ። እናቴ አባቴን አንቱ ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ሌላ አጠራር መኖሩንም አስቤ አላውቅም።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። በእኛ መደብና በእናቱ መደብ መካከል የነበረው እሱ ራሱ የሰፋው የአቡጀዲ መጋረጃ ብቻ ነበር። አቡጀዲ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ስለዚህ በባልና ሚስት መካከል የሚሆነው ሁሉ በእኛ ቤት የሚሆነው በጨለማ፣ ትንፋሽ ተይዞ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣ ነበር። ጠብ የለም፣ ዱላ የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ የተባረከ ትዳር ይለናል። እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። የጠረግሁትን ደጅ መልሼ እጠርጋለሁ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ እንስራውን ረስቼ እመለሳለሁ። አማቴ «ምነው አንች፣ ከመቀመጫሽ እሾህ አለ?» ትለኛለች።

እሾሁስ ነበረ። በገባሁበት ዓመት ነው የጀመረኝ። ገብስና ባቄላ አውቃለሁ እንጂ ፈረስን ከነፈረሰኛው የሚውጥ ማሽላ አይቼ አላውቅም ነበር። ከጎብዬ ገበያ ስንመለስ፣ ከማሽላው መሃል ወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ የቆመች አንዲት ሴት አየሁ። ወንጭፏ በእጇ ተንጠልጥሏል። ከስር፣ እኔ የማላየው ሰው አንድ ነገር ይላታል፤ እሷም ወደ ታች እያየች ትስቃለች። ወፎቹ እህሏን እየለቀሙላት ነው፤ ግድም አልሰጣት። ባሌ ቀድሞኝ ይሄድ ስለነበር ምንም አላየም። እኔ ቆሜ ቀረሁና «ምነው?» ብሎ ሲዞር «ጫማዬ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማማው ላይ የምቆመው እኔ ሆንኩ። ከስር የሚመጣው ባሌ ነው፤ ግን ባሌ አይደለም፣ መንገድ የጠፋው እንግዳ ነው። ቀን ነው፤ ፀሐዩ ጠራራ ነው፤ ፊቱን አያለሁ፤ እሱም የኔን ያያል። መንገድ ይጠይቀኛል። ወርጄ አሳየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሽላው ይሸፍነዋል። ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ዳኛ ቢኖር ኖሮ በገዛ ባሌ ስንት ጊዜ እንደወሸምኩ ቆጥሮ ይቀጣኝ ነበር።

ታዲያ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲያው ሆነ። አገር ሁሉ ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ። ግን ያለቀስኩት በእህሉ ብቻ አልነበረም፤ መደበቂያዬም አብሮ ስለደረቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስለቅሰኝ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ብዬ ራሴን ስሰድብ ሰነበትኩ።

ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። ይልቅ ሰው የለበሰውን እያወለቀ የሚሸጥበት ጊዜ መጣ። ባሌ የመኪናውን መርገጫ ትቶ የእርዳታ እህል የመጣበትን የተቀደደ ጆንያ በሲባጎና በጆንያ መርፌ መጥቀም ጀመረ። ጆንያው እንደ ግድግዳ ከበረንዳው እስከ ቤቱ ውስጥ ተከመረ። የሚከፈለው ከጆንያው ጥግ የሚራገፈው ስንዴ ነው፤ ከአቧራ ለይቼ ንፍሮ አደርገዋለሁ። እኔ የጆንያውን አፍ ወጥሬ እይዛለሁ፣ እሱ ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንውላለን፤ የምንነጋገረው ግን «ያዥው»፣ «ልቀቂው» ነው።

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ አማቴ ቅዳሴ ሄዳ፣ አገሩ በሙቀት ጸጥ ብሎ ሳለ ቆረጥኩ። ንግግሩን ለብዙ ቀን አሰናድቼዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ራሴን ሳጀግን ነው የከረምኩት።

«አማረኝ» አልኩት።

መርፌው ጆንያው ላይ ቆመ። «ምን አልሽ አንች?»

«አማረኝ።»

«ምን አማረሽ?»

ያሰናዳሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ማሽላው…» አልኩ። «ያ ማሽላ… በጎብዬ መንገድ የነበረው…»

«እሸት ነው?» አለኝ። «ወይስ ጥንቅሽ?»

ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠው ጣፋጩ የማሽላ አገዳ ነው። ምን እንደሚጠይቀኝ እስኪገባኝ ድረስ እሱ ተነስቶ ቆሟል። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ያገባች ሴት «አማረኝ» ካለች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ አርግዛለች። በተጋባን በስንት ጊዜያችን፣ ያውም በዚያ ክፉ ቀን፣ ልጅ መጣ ብሎ ነው የቆመው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው።

«እንደሱ አይደለም» ልለው አፌን ስከፍት አማቴ በሩ ላይ ቆማለች። ራሷን አዙሯት ቅዳሴው ሳያልቅ መመለሷ ነው። ሰምታለች። እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ወሰደችና መንገዱን አይታ መለሰችው፤ በዚያ ሰሞን እልልታ ነውር ነበር።

«እማማ፣ ኧረ አላረገዝኩም!» አልኳት።

«አዎ ልጄ፣ አላረገዝሽም» አለችኝ ዓይኗን ጠቀስ አድርጋ። «ማንም ቢጠይቅሽ እንደሱ በይ። ዘንድሮ ዓይኑ የተራበ ሰው ብዙ ነው።»

ማልሁ። ተገዘትሁ። ያው ነው፤ በማልሁ ቁጥር «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ የጨዋ ልጅ» ትለኛለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቃት አማት ግን ያላረገዘችውን ታስረግዛለች። ባሌማ ቃሌንም አልሰማ። ከቆቦ በስተሰሜን፣ ዋጃ አጠገብ፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፉ ጥቂት እርሻ ያዳኑ ገበሬዎች አሉ መባሉን ሰምቷል። በነጋታው ስነቃ መርፌና ክሩን በኪሱ ይዞ ሄዷል። የእርጉዝ አምሮት ካልተፈጸመ ልጁ ምልክት ይዞ ይወጣል ይባላል፤ ልጁ ላይ ምልክት እንዳይወጣ ብሎ በእግሩ ተነሳ።

ሳይመለስ ቀናት አለፉ። በሰሜን በኩል የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያወራው ስለ በሽታና ስለ ሽፍታ ነው። እኔ መንገዱ ዳር እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አውቶቡስ ሲቆም ሕዝቡ መስኮቱ ላይ ይረባረባል፤ በዚያ ሁሉ እጅ መሃል የእሱን ፊት እፈልጋለሁ። ሰውዬውን በአንዲት ቃል ገደልኩት እያልኩ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ጎረቤታችን፣ ነጋዴ እስላም ሴት፣ በመቀነቷ ጫፍ ተምር ቋጥራ አምጥታ «ማሻአላህ፣ አብሽሪ፣ አላህ በሰላም ያገላግልሽ» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሬው ሰፈሩን ዞሯል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ንፍሮው ነው። ያቺን ጭብጥ ንፍሮ ለሁለት ስከፍል አማቴ የሷን ወደ ሳህኔ ትገለብጠዋለች።

«እኔ ጠግቤያለሁ» ትላለች። «ደጀ ሰላም ቆሎ ቀምሻለሁ።»

ውሸቷን ነው። ደጀ ሰላም ቆሎ ከጠፋ ቆይቷል። እመልስላታለሁ፤ ትገፋዋለች። አንድ ቀን ተናድጄ ሳህኑን መሬት ላይ ሳስቀምጠው «እሱን ልታስርቢው ነው?» ብላ ሆዴን አሳየችኝ። «ላንች የሰጠሁ መሰለሽ እንዴ?» እኔ ደግሞ ደካማ ሆዴ፣ አንዳንድ ቀን በላሁት። ሌላ ምን ልበል፤ ይርበኝ ነበር።

ባሌ አንድ ቀን ቀትር ላይ እያነከሰ መጣ። ግራ እግሩን እንደ እንጨት ገትሮ ይጎትተዋል። ሮጬ ብብቱ ስር ገብቼ ደገፍኩት፤ «ማን መታዎት? ወደቁ?» እለዋለሁ። ቤት ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ሱሪውን ጠቀለለ። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ ድረስ በጨርቅ የታሰረ ጥንቅሽ ነበር።

«መንገድ ላይ እንዳያዩብኝ ነው» አለ። ለአንድ የዋጃ ገበሬ የቤተሰቡን ልብስ ሁሉ በእጁ ሲጠቅም ሰንብቶ ያገኘው ነው። «ልጅ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ፊት አልፌ መጣሁ፤ ይሄ እግሬ ላይ ታስሮ።» ዓይኑን አሻሸ። «በይ ብይ።»

አማቴ ከጎኑ ቁጭ ብላ እንደ ሠርግ ቀን ትስቃለች። አገዳውን ተቀበልኩ። አፌ ድረስ ወሰድኩት፤ መንከስ ግን አልቻልኩም። ለአማቴ ሰጥቻት ባሌን «አንዴ ይምጡ፣ የማሳይዎት አለ» ብዬ ይዤው ወጣሁ። እሷ ጥንቅሹን ለነገ ብላ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠቀልለው አየሁ።

ከከተማው ጀርባ ካለው እርሻ አደረስኩት። እርሻ ማለቴ ጉልበት የማይደርስ የደረቀ አገዳ ማለቴ ነው። ከመሃሉ አንድ ባዶ ማማ አለ፤ የላይኛው ገሚስ እንጨቱ ለማገዶ ተነቅሏል።

«አላረገዝኩም» አልኩት። «ያማረኝ ማሽላው አልነበረም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በማሽላው ውስጥ፣ አንቱ ነዎት።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ አልነበረም። ማማውን ነገርኩት። እንግዳውን ነገርኩት። ፀሐዩን፣ ፊቱን ማየት መፈለጌን፣ በጨለማ ትንፋሼን መያዝ እንደሰለቸኝ ነገርኩት። እሱን እያየሁ ለመናገር ድፍረት አልነበረኝም፤ ደረቁን አገዳ እያየሁ ነው የነገርኩት። ስጨርስ ቀና አልኩ። ላቡ በአቧራው ላይ መንገድ አውጥቶ በጉንጩ ይወርዳል።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ አገር የዞርኩት?» አለኝ። ቀድሞኝ ሄደ። አሁን አያነክስም።

በዚያ ጊዜ ዓይን አውጣ የሚባል ስም አንዴ ከተለጠፈብሽ አይነቀልም። ባሏን አባባይ፣ ባለጌ፣ ማን አስተማረሽ ይባላል። ወደ እናትሽ ቤት ተመለሽ ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የደጋው ቤተሰቤም የሚላስ የሚቀመስ የለውም። እሱ ግን ምንም አላለም። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች እንደዚያ ካለ ዝምታ ጋር አንድ ቀን ይዋሉና ይንገሩኝ። መደቡን ለኔ ትቶ በረንዳው ላይ፣ ከጆንያው አጠገብ መተኛት ጀመረ። አማቴ «እርጉዝ አክብሮ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም መጣ፤ ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

ጨርቄን ጠቅልዬ አሁን ሄድኩ፣ አሁን ሄድኩ ስል አንድ ቀን ቀትር ላይ «ነይ ያዥልኝ» ብሎ ጠራኝ። ጆንያውን ወጠርኩለት። ብዙ ሰፋ። ከዚያ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ፣

«እኔም አለኝ» አለ።

«ምን?»

«የሚያምረኝ።»

ጆንያው ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። መልሼ ወጠርኩት።

«አንተ በይኝ» አለኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን ልበልዎት?»

«አንተ። ና። ቁም። ዝም በል። እንዲያ በይኝ፤ ሁለታችን ስንሆን።» እስከ ጆሮው ድረስ ላብ አጥለቅልቆታል። «አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ሳትቀር የቤቱ ራስ ብላ አንቱ ትለኛለች። ገና ጢም ሳላበቅል ነው። አንተ የሚለኝ ሰው የለም። አንድ ሰው እንዲያዘኝ ያምረኛል። ይኸው ነው።»

እኔ ማማና ፀሐይ ስመኝ እሱ የተመኘው አንዲት ፊደል ናት፤ «ቱ»ን «ተ» ማድረግ። ቀላል መስሎኝ ነበር። እዚያው ልሞክርለት አፌን ከፍቼ «አን… አን… ቱ» አልኩ። ምላሴ አሻፈረኝ አለ። ባሌን አንተ ማለት ለእኔ በጥፊ እንደመምታት ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ «ቱ» ሆነ። ያን ጊዜ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ እንዴት እንደሆነ በዚያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። እኔም ሳቅሁ፤ ጆንያው ላይ ተደፍቼ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ልምምድ ያዝኩ። ደጅ ስጠርግ የስፌት መኪናውን «አንተ፣ ና ወዲህ!» እለዋለሁ። አማቴ ሰምታ «ማንን ነው?» አለችኝ። «ውሻውን ነው» አልኳት። ውሻ አልነበረንም።

አንድ ማክሰኞ አማቴ ቀብር ሄደች፤ በዚያ ሰሞን ቀብር የሌለበት ቀን የለም። ንፍሮውን ጥጄ ስመለስ በሩ ተንኳኳ። ባሌ ነው፤ ጋቢውን እንደ መንገደኛ አጣፍቶ፣ በትሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል።

«እንደምን ዋልሽ እመቤት» አለኝ። «የዋጃ መንገድ በየት በኩል ነው?»

ለእንግዳ ሰው ምላሴ የሚታሰርበት ምክንያት አልነበረውም።

«አንተ» አልኩት፣ «ከየት ነህ?»

ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። ማሽላ ባይኖር እስከ ጣሪያ የተከመረ ጆንያ ነበረን። መጋረጃውን ገፍፌ ብርሃን አስገባሁ። የቀረውን ጆንያው ይሸፍነዋል፤ እኔም አልገልጠውም። ውጭ ሰው እየሞተ እንደነበር አውቃለሁ። በዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ስናገርም አላፍርም።

ከዚያ ወዲያ አፋችን ተፈታ። ጆንያ እየሰፋን ያልተነጋገርነው ምኞት የለም። ብዙውን አላደረግነውም፤ አንዳንዱ የሚያስቅ ነው፣ አንዳንዱም በቆቦ ከተማ የሚደረግ አይደለም። ግን «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው አገኘሁ። የሚበላኝ እሾህ ያን ጊዜ ለቀቀኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አለቀቀኝም፤ ሌላ መጣ እንጂ። እኛ በቀን እየሳቅን አማቴ ላልተጸነሰ ልጅ እየጾመች ነበር።

ከቀብር ስትመለስ ግድግዳ ይዛ መግባት ጀመረች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ባሌን «እንንገራት» ስለው «ተያት» ይለኛል። «ምን ብለን ነው የምንነግራት? ምን አማራት ብትል ምን ልንላት ነው? ደግሞ ተስፋዋ ነው ያቆማት።»

«ተስፋ ንፍሮ አይሆንም!» ብዬ ጮኽኩበት። «እናትህ እኮ እየሞተች ነው! አንተ፣ አይታይህም?»

በረንዳው ላይ ነው፤ መንገደኛ ይሰማል። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው። ይሄኛው የጨዋታው አንተ አልነበረም። አንገቱን ደፋና መርፌውን አስቀመጠ። «በይ ንገሪያት» አለኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ተጋድማለች። የእለቱን ንፍሮ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ጥግ ገፍታዋለች። ከመደቡ ስር ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ አላረገዝኩም።»

«እንደሱ በይ ልጄ…»

«እውነቴን ነው። የወር አበባዬ መጥቷል።»

ዓይኗ ተከፈተ። «ወረደ?»

«አልወረደም። መጀመሪያም አልነበረም።»

ረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየች። መሬት መቧጠጥ ያዝኩ። እንደ ቅጠል የጠወለገች ሴት ላይ ይህን መጫኔ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን መመለሻ የለውም።

«ታዲያ ያን ቀን» አለች፣ «ምንድን ነው ያማረሽ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ቀይ ሽንኩርት፣ ማር፣ ማንኛውንም ነገር ማለት ይቻል ነበር።

«ልጅዎ አማረኝ» አልኳት። «በቀን፣ በፀሐይ፣ በማሽላው መሃል፣ ልጅዎ አማረኝ።»

እርግማኑን ጠበቅሁ። ልጄን እሳት ውስጥ ሰደድሽው፣ ባለጌ፣ ውጭ ከቤቴ፤ የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ። ከውጭ የባሌ መርፌ ድምፅ አይሰማም፤ እሱም ትንፋሹን ይዟል።

«ነገርሽው?» አለችኝ።

«ነገርኩት።»

«አልመታሽም?»

«አልመታኝም። እሱም የራሱን ነገረኝ።»

«እሱን ደግሞ ምን አማረው?»

«እሱንስ አልነግርዎትም።»

ከደረቷ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳል መስሎኝ ውሃ ላነሳ ስል ሳቅ ሆኖ አገኘሁት፤ አቅም ያጣ፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ። እስኪያልፍላት ጠበቅኋት። እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች፤ ከክር አይከብድም።

«አባቱን ስቀብረው» አለች፣ «ምን እንደሚያምረው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ተኝቼ። እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ሳህኑ አዞረች።

«ያ ንፍሮ እንግዲህ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«ወዲህ በይው በይ» አለችኝ። «ርቦኛል።»